ስለ ሥፍራ፣ ስለ ደዌና ስለ አስታማሚ፦ በቂርቆስና በካዛንቺስ የተደረገ ዳሰሳ

በዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት፣ መፃጉዕ ተብሎ በሚጠራው ዕለት በየአጥቢያው የሚነበበው ታሪክ፣ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት ሙሉ ታሞ ይኖር የነበረ ድውይ ለጌታ ያቀረበውን አቤቱታ ይነግረናል፤ አቤቱታውም ውኃው የመፈወስ ኃይል የለውም፣ ወይም ሐኪም አጣሁ የሚል ሳይሆን፣ ውኃው በታወከ ጊዜ አንሥቶ የሚያገባው ሰው የሌለው መሆኑንና እርሱ ራሱን እየጎተተ እስኪደርስ ሌላው የሚቀድመው መሆኑን የሚገልጥ ነበር። ይህ ሰው ከፈውሱ የራቀው በጥቂት ክንድ ብቻ ሲሆን፣ ያችው ጥቂት ክንድ ግን ዕድሜውን በላችበት። ሥፍራ በሰው ጤና፣ በአካል ጉዳትና በእንክብካቤ ላይ ምን ሥልጣን እንዳለው የሚመረምሩ ያለንበት ዘመን ሊቃውንት በብዙ መጽሐፍ የሚያትቱት ነገር ከዚህ አቤቱታ ብዙም የራቀ አይደለም፤ እኛም ነገሩን ከሩቅ አገር ሳይሆን ከመካከለኛው አዲስ አበባ፣ ከቂርቆስ ክፍለ ከተማና በተለይም ከካዛንቺስ ሠፈር ተነሥተን ልንመለከተው አሰብን።

የጥያቄው ዘር ግን ጥንታዊ ነው። የግሪኩ ባለ መድኃኒት አቡቅራጥ ወደ አንድ ከተማ የሚገባ ሐኪም አስቀድሞ ነፋሱን፣ ውኃውንና የምድሩን አቀማመጥ እንዲመረምር ማስተማሩ በስሙ በቆየው ድርሳን ይታወቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1854 በለንደን ኮሌራ በገባ ጊዜ ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም የሞቱትን ሰዎች ቤት በካርታ ላይ አንድ በአንድ አኑሮ፣ ሞቱ በአንዲት የውኃ መቅጃ ዙሪያ መከማቸቱን ባሳየ ጊዜ፣ አድራሻም እንደ ምልክተ ደዌ ሊነበብ የሚችል መሆኑ ታወቀ። በኋላም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በእንግሊዝ አገር የአካል ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው ተነሥተው፣ እኛን ያሰናከለን የእግራችን መድከም ሳይሆን ደረጃው ነው፤ ደረጃውንም የሠራው ሰው ነው በማለት ክርክሩን ከሥጋ ወደ ግንብ አዛወሩት። ዊል ጌስለር የተባለው የመልክዐ ምድር መምህር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1992 አንዳንድ ሥፍራዎች በተፈጥሮአቸው፣ በታሪካቸውና ሰዎች በእነርሱ ላይ ባላቸው እምነት ምክንያት የሚፈውሱ እንደሚሆኑ አመለከተ፤ ይህ ሐሳብ ለምዕራባውያን አዲስ ግኝት ቢመስል፣ ጠበል ለመጠመቅ ሦስት ቀን በእግሩ ለሚጓዝ ሕዝብ ግን እንግዳ ነገር አልነበረም።

አዲስ አበባም ራሷ ከእንዲህ ያለ ፈዋሽ ሥፍራ የተወለደች ከተማ ናት። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ቤት ያሠሩት በፍልውሃው አጠገብ ሲሆን፣ ለቁርጥማትና ለቆዳ ደዌ ይፈለግ የነበረው ያ ፍል ምንጭ ዛሬም ከካዛንቺስ ቁልቁል ባለው ሜዳ መታጠቢያ ሆኖ ይኖራል። ከእርሱ ብዙ ሳይርቅ፣ በሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ሚሲዮን ተቋቁሞ በደርግ ዘመን መንግሥት የወረሰው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ ወደ ስታዲየሙ አቅጣጫ ሲወርዱ ደግሞ በህንድ ማኅበረሰብ አባላት ርዳታ የተሠራው የጋንዲ መታሰቢያ የእናቶች ሆስፒታል ይገኛል፤ በየወረዳው ያሉትን ጤና ጣቢያዎችና በየመንገዱ ዳር የተደረደሩትን የግል ክሊኒኮችና መድኃኒት ቤቶች ብንጨምር፣ በመላ አገሪቱ እንደ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሕክምና የቀረበለት ምድር ጥቂት ነው ማለት ይቻላል። ወረቀት ላይ ክብ በኮምፓስ እየሣለ ርቀትን ለሚለካ ሰው ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል፤ እኛ ግን የመፃጉዕን አቤቱታ ሰምተን የመጣን ስለሆንን፣ ከቤት እስከ ውኃው ያለችውን ያችን ጥቂት ክንድ ማን ይሸከማል ብለን ለመጠየቅ እንገደዳለን።

በአገራችን ሆስፒታል የተኛን ሕመምተኛ የሚያየው ሐኪሙና ነርሷ ብቻ አለመሆናቸውን የማያውቅ አንባቢ የለም። ካርድ የሚያወጣው፣ የደም ናሙናውን ይዞ ወደ ላቦራቶሪ የሚሮጠው፣ በግቢው ውስጥ ያልተገኘውን መድኃኒት ከውጭ የሚገዛው፣ ሕመምተኛውን የሚያገላብጠው፣ የሚያጥበውና የሚያጎርሰው አስታማሚው ነው፤ አስታማሚም አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ እኅት፣ ሚስት ወይም ያላገባች ልጅ ናት። ይህን ሁሉ የምትሠራው ሴት በሆስፒታሉ ፕላን ላይ ቦታ የላትም፤ መሐንዲሱ ለሕመምተኛው አልጋ፣ ለሐኪሙ ቢሮ፣ ለመኪናው ማቆሚያ ሲመድብ ለእርሷ አግዳሚ ወንበር እንኳ ሳያስብላት ስለሚያልፍ፣ ሌሊቱን በአልጋው ሥር ጋቢ አንጥፋ ወይም በኮሪደሩ ግድግዳ ተደግፋ ታነጋለች። ስለዚህ ቤቷ ቅርብ የሆነላት አስታማሚ ማለዳ ወጥታ አጥሚት አፍልታ፣ ልጆቿን ለትምህርት ቤት አሰናድታ፣ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ልትመለስ ትችላለች፤ ሩቅ የሆነባት ግን ሥራዋን ወይም ልጆቿን ወይም ሕመምተኛዋን ከመተው አንዱን መምረጥ ይኖርባታል። በዚህ አገር የሕክምና ተቋም የሚቆመው በግማሹ በመንግሥት በጀት፣ በግማሹ በእነዚህ ሴቶች እግር ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም፤ የእግር ርዝመት ደግሞ ወሰን አለው።

ርቀት ራሱ ደዌን እንደሚወልድ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የወሊድ ፌስቱላ ነው፤ ምጥ የጠናባት ሴት ከሐኪም ዘንድ ሳትደርስ ቀናት ሲያልፉባት የሚደርስባት ይህ ጉዳት፣ መንስኤው ጀርም ሳይሆን መንገድ ነው ማለት ይቻላል። ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን የተባሉት ባልና ሚስት ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው፣ በኋላም እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ሆስፒታል የጠገነው ሥጋን ሲሆን፣ ሥጋን የሰበረው ግን በገደልና በወንዝ የተቆረጠው የገጠር ጎዳና ነበረ።

ከተማዋ ሕሙማንዋን የት እንዳኖረች መመርመርም ስለ እነርሱ ምን ታስብ እንደነበረ ያስረዳል። በ1920ዎቹ የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ሲቋቋም የተመረጠለት ሥፍራ ከከተማው ውጭ፣ ወደ ምዕራብ ነበር፤ በ1958 ዓ.ም. ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና ማስተማሪያ ሆኖ የተቋቋመው አለርትም እዚያው ቆመ። የዓይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ቤት በሰበታ፣ ፖሊዮ ያሰናከላቸው ልጆች የሚረዱበት የቼሻየር ማዕከል በመናገሻ ሆነ፤ በኢጣልያ ወረራ ዘመን የተቋቋመውና ለብዙ ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል ብቻ ከመርካቶ ግርግር አጠገብ ቀረ። እነዚህን ተቋማት ያቆሟቸው ሰዎች ምሕረትን ያስቡ እንደነበር አንጠራጠርም፤ ንጹሕ አየርና ሰፊ መሬትም ከከተማ ውጭ መገኘቱ እውነት ነው። ሆኖም ምሕረቱና ማግለሉ በአንድ መንገድ አብረው ሄዱ፤ ከዓይን የራቀውም ሰው ከመንገድ፣ ከውኃና ከሥራ አብሮ ራቀ። ከሕክምናው በኋላ ወደ ትውልድ ቀዬአቸው መመለስ ያፈሩት ወይም የተከለከሉት ሰዎች በሆስፒታሉ ዙሪያ መንደር መሥርተው ሲቀሩ፣ ከተማዋ ደግሞ ጉድፏን የምትደፋበትን ቆሼን በዚያው አቅጣጫ አደረገች፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች በሞቱ ጊዜ፣ የሞቱት ከተራራው ሥር ቤት ከመሥራት የተሻለ ምርጫ ያልነበራቸው ነበሩ። ሕሙማንን ወደ ዳር፣ ቆሻሻንም ወደ ዳር ያወጣው እጅ አንድ ባይሆን እንኳ፣ ሁለቱን ያገናኘው የመሬት ርካሽነት አንድ ነው።

ወደ ካዛንቺስ እንመለስ። ሠፈሩ በስሙም በሕንፃውም የኢጣልያን ዘመን ይዞ የቆየ ሲሆን፣ በመጀመሪያ የተሠራው ለወራሪው መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ነበር፤ በዚያው ዘመን የተነደፈው የከተማ ፕላን ነጩንና ጥቁሩን በተለያየ ሠፈር ለማኖር የታሰበ መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ከድል በኋላ ግን የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ሠፈሩ የዲፕሎማትና የጸሐፊ፣ የሆቴልና የመሸታ ቤት፣ የልብስ ሰፊና የጋራዥ ሠራተኛ ሁሉ መናኸሪያ ሆነ። በሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ታወጀ፤ ዕለቱ ቅዱስ ገብርኤል ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ኢየሉጣን ከፈላው ጋን ያወጣበት በዓል የሚከበርበት መሆኑን የቂርቆስ ሠፈር ሰዎች ሳያስተውሉት የቀሩ አይመስለኝም፤ አዋጁ ያወጣቸው ወደ ምን እንደሆነ ግን ለብዙ ዘመን ሲያከራክር ኖሯል።

ምክንያቱም በአዋጁ የመንግሥት ሆኖ በቀበሌ በኩል ይከራይ የነበረው የቀበሌ ቤት ሁለት ገጽ ነበረው። አንደኛው ገጽ ለሐኪም የሚታየው ነው፤ ኪራዩ ጥቂት ብር በመሆኑ ማንም የማያድሰው የጭቃ ግድግዳ፣ ዝናብ የሚያንጠባጥብ ቆርቆሮ፣ ብዙ አባወራ የሚጋራው የጉድጓድ መጸዳጃ፣ መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ የሚነድ ከሰል፤ በአንዲት ክፍል ውስጥ ስድስትና ሰባት ሰው ሲተነፍስ ሳምባ ነቀርሳ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ብዙ እንደማይቸገር ማንም ይረዳዋል። ከየመጸዳጃውና ከየቱቦው የሚወርደው እድፍ ከሠፈሩ አጠገብ በሚያልፉት በግንፍሌና በባንትይቀጡ ወንዞች ሲፈስ ዓመታት ተቆጥረዋል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለም ወረርሽኝ የኅዳር በሽታ ተብሎ በከተማዋ በገባና በአዲስ አበባ ብቻ እስከ 10,000 ሰው ፈጅቷል ተብሎ በተገመተ ጊዜ፣ ሕዝቡ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቆሻሻውን ሰብስቦ ማጠን መጀመሩ የሚደነቅ ነው፤ ይሁን እንጂ መጸዳጃ የሌለውን ግቢ በዓመት አንድ ቀን የሚወጣ ጢስ አያነጻውም።

ሁለተኛው ገጽ ግን በሐኪም መሣሪያ አይታይም። ግድግዳው ቀጭን በመሆኑ የጎረቤት ሳል ይሰማል፤ ሳሉም ሲበረታ ወይም በሌሊት ድምፁ ሲጠፋ የሚያንኳኳ ሰው አለ። አልጋ ላይ የዋለችን አሮጊት ልጇ ሥራ ሲሄድ የምታገላብጣት የጓሮ ጎረቤት ናት፤ ዓይኑ የማያየውን ሰው እስከ ታክሲ ተራ የሚያደርሰው በር ላይ ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ ነው፤ የአእምሮ ሕመም ያለበትን ወጣት ሱቁ ውስጥ ያለው ነጋዴ ስሙን ጠርቶ ያስቀምጠዋል፤ በዱቤ ዳቦ የሚሰጠውም እርሱ ነው። ዕድሩ ደግሞ ድንኳንና ወንበር፣ ብረት ድስትና ቀብር ብቻ አይደለም፤ ማን እንደታመመ፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን ዘመድ እንደሌለው የሚያውቅ ሕያው መዝገብ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በ2002 ዓ.ም. ገደማ በከተሞች ቤት ለቤት መዞር ሲጀምሩ፣ የሚዞሩት ጎረቤት አስቀድሞ በሚያውቀው መንገድ ላይ ነበር። ታዲያ ይህን ገጽ አይቶ የመጀመሪያውን የሚረሳ ሰው ድህነትን ያስጌጣል፤ የመጀመሪያውን ብቻ የሚያይ ደግሞ መጸዳጃውን ሲያፈርስ አስታማሚዋንም አብሮ ያፈርሳል።

የአካል ጉዳትን ነገር ስናነሣ ደግሞ፣ ቁጥሩ ራሱ በምን ዓይነት በር ተገብቶ እንደተቆጠረ ማሰብ ይገባል። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ከመቶ አንድ ገደማ፣ በትክክልም 1.09 በመቶ አድርጎ ሲያገኛቸው፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሪፖርት በኢትዮጵያ 17.6 በመቶ ይደርሳሉ ብሎ ገመተ። ልዩነቱ የመጣው በከፊል ከአጠያየቁ ነው፤ በቤትህ አካለ ስንኩል አለ ወይ ተብሎ በደጅ የሚጠየቅ አባወራ በጓዳ ያለውን ልጅ የለም ማለቱ ያልተለመደ አይደለም፤ ደረጃ ስትወጣ ትቸገራለህ ወይ ተብሎ የሚጠየቅ ሰው ግን እውነቱን ይናገራል። እንግዲህ በጓዳ የተደበቀ ሰው ለመቁጠርም፣ መንገድ ለመሥራትም አይታሰብም፤ መንገድ ስለሌለውም በጓዳ ይቀራል።

ሕጉ ግን ከማንም በፊት አስቦበታል። የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው አዟል፤ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነትም በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የአገሪቱ ሕግ ሆኗል። በካዛንቺስ ጎዳና ላይ ግን አዋጁን የሚተረጉመው ግንበኛው ነው። ባንኩ ከመንገዱ አራት ደረጃ ከፍ ብሎ ይሠራል፤ መወጣጫው ሲኖርም ጤነኛ ሰው እንኳ የሚንሸራተትበት ቁልቁለት ሆኖ ይገኛል፤ ሊፍቱ ለመኪና ማቆሚያው ሲደርስ ለመንገዱ አይደርስም። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር በኡራኤልና በባምቢስ በኩል ሲያልፍ ለብዙ ሰው ጉዞን አቅልሏል፤ ነገር ግን መስመሩ በምድር በሚሄድበት ሁሉ አጥሩ ሠፈሩን ከሠፈር ለይቶ መሻገሪያውን በጥቂት ሥፍራ ስለወሰነው፣ ከመንገዱ ወዲያ ያለውን መድኃኒት ቤት በዓይኑ የሚያየው በክራንች የሚሄድ ሰው ዙሪያውን መዞር ግድ ሆነበት፤ ከፍ ብሎ በሚሄድበት ደግሞ ሊፍት በቆመበት ቀን የቀረው ደረጃው ብቻ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው፣ የኮሪደር ልማት የተባለው ጎዳናንና ሠፈርን የማደስ ሥራ በ2017 መጀመሪያ ወደ ካዛንቺስ ሲገባ፣ ከላይ ያልነው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተፈተነ። ከፖለቲካው ክርክር ወጥተን በጤና ዓይን ብቻ ብናየው፣ አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊና ደልዳላ ነው፤ ቀድሞ በድንጋይና በተከፈተ ቱቦ መካከል ይንገዳገድ የነበረ ነጭ በትር የያዘ ሰው አሁን በቀጥታ ሊሄድ ይችላል፤ ተሽከርካሪ ወንበርም ከመኪና ጋር ሳይጋፋ ያልፋል። ይህን መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። ይሁን እንጂ በዚያ መንገድ ሊሄዱ ይችሉ ከነበሩት ሕሙማንና አረጋውያን ብዙዎቹ አሁን በዚያ አይኖሩም፤ ከሠፈሩ የተነሡት ነዋሪዎች ከተላኩባቸው ሥፍራዎች አንዱ በከተማዋ ደቡብ ጫፍ ያለው ገላን ጉራ ነው። በዚያ ቤቱ አዲስ ነው፤ ውኃና መጸዳጃም አለ፤ ቀደም ሲል የቆጠርነው የመጀመሪያው ገጽ በአብዛኛው ተወግዷል። ሁለተኛው ገጽ ግን በመኪና ተጭኖ የሚሄድ ዕቃ አይደለም። የተነሺው መዝገብ የአባወራውን ስም፣ የቤቱን ስፋትና የውሉን ዓይነት ይይዛል እንጂ፣ ማን ማንን እንደሚያገላብጥ የሚጻፍበት ዐምድ የለውም፤ ስለዚህ ዕጣና ተራ ቁጥር ሲያከፋፍላቸው አስታማሚና ታማሚ በተለያየ ብሎክ፣ አንዳንዴም በተለያየ ሠፈር ሊወድቁ ይችላሉ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጉዳይም አለ፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በወረዳ የተደራጀ በመሆኑ፣ አባል የሚታከመው በተመዘገበበት አካባቢ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ነው። መታወቂያውን ወደ አዲሱ ወረዳ እስኪያዛውር ድረስ የስኳርና የደም ግፊት ሕመምተኛ በሁለት ወረዳ መካከል ይቆማል፤ ታሪኩን የሚያውቁለት ነርስና ሐኪም በአሮጌው ሠፈር፣ እርሱ በአዲሱ ነው። ሆስፒታሎቹ ከመካከል ሲቀሩ የሚፈልጓቸው ሰዎች ወደ ዳር መውጣታቸው፣ ቀድሞ ሕሙማኑ ወደ ዳር ሲወጡ ከተማዋ በመካከል ከመቅረቷ ጋር በመልኩ ቢለያይም በሥራው ይመሳሰላል፤ እንግሊዛዊው ሐኪም ጁልያን ቱዶር ሃርት እ.ኤ.አ. በ1971 ሕክምና ይበልጥ ለሚያስፈልገው ሰው በአነስተኛ መጠን ይደርሳል ብሎ የጻፈው ነገርም በእኛ ከተማ በታክሲ ሒሳብ ሊሰላ የሚችል ሆነ።

እስከ አሁን ቅርበትን ስናመሰግን ቆይተናል፤ ነገር ግን ካዛንቺስ ራሷ የምትመሰክርበት ተቃራኒ ነገር ስላለ ሳንጠቅሰው ማለፍ አይገባንም። ሠፈሩ በመሸታ ቤቶቹ የታወቀ እንደመሆኑ ኤች አይ ቪ ኤድስ በበረታበት ዘመን ብዙ ቤት ተዘግቶበታል፤ የዘውዲቱ ሆስፒታልም የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን መሰጠት ሲጀምር ከቀደሙት አንዱ ነበረ። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. ያለ ክፍያ መታደል በጀመረ ጊዜ ግን፣ በየከተማው እንደታየው፣ ብዙዎች በደጃቸው ያለውን ጤና ጣቢያ ትተው ማንም ወደማያውቃቸው ሩቅ ክሊኒክ መሄድን መረጡ፤ በሌሊት የሚያንኳኳው ያው ጎረቤት በቀን በመድኃኒት ክፍሉ ደጅ ተሰልፈህ ሲያይህ ምን እንደሚል ስለሚታወቅ ነው። ሌሎችም ቤታቸውን ለቀው በእንጦጦ ማርያም ዙሪያ ክፍል ተከራዩ፤ በዚያ ጠበሉን የሚጠመቀው ሁሉ የታመመ ስለሆነ ማንም ማንን አይጠቁምም፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ሲያበረታቱ፣ ክኒኑን ከጥምቀቱ የሚለየው ግንብ በከፊል ፈረሰ። ለእነዚህ ሰዎች ሩቅነት ራሱ እንክብካቤ ነበር። ስለዚህ ሕመምተኛን ወደ ጎረቤቱ ማቅረብ ብቻውን አይበቃም፤ ታማሚው ራሱ የት ልታከም፣ ማን ይወቅልኝ፣ ማን አይወቅብኝ ብሎ የሚመርጥበት መንገድ ሊቀርለት ይገባል። ወረዳ ሲለዋወጥና መድን ሲዛወር፣ ሠፈርም ሲፈርስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው ይህ ምርጫ ነው፤ በዕጣ የደረሰው ቤት ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ የሚታከምበትን ቦታና የሚያስታምመውን ሰው የመረጠለት ሌላ ነውና።